ሻንጣውን ከሁለት ቀን በፊት ዝጉት

ወደ አሜሪካ የምትሄዱ፣ ሻንጣውን በመሄጃችሁ ቀን አትዝጉት። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። እኔ ባለፈው ጉዞዬ ቦሌ ኪሎ የሚመዘንበት ጋ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ፣ ሽሮና ድርቆሽ ካንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ሳዛውር ነበር። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ እናቴ ደግሞ በሚዛን አታምንም።

አሁን ቤት ውስጥ ሻንጣውን ተሸክሜ የሰው ሚዛን ላይ እቆማለሁ፣ የራሴን ኪሎ እቀንሳለሁ፣ አለቀ። በርበሬው በሁለት ላስቲክ ታስሮ መሃል ላይ፣ ልብስ ዙሪያውን። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ፍተሻ ላይ ጣጣ አለው። ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚታዩት።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ ላይ ማክሰኞ 00:30 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። በዚህ ስንቱ ቀርቷል!

ይሄ ካለቀ የመጨረሻው ቀን ለቡና ይተርፋል። ከፍተሻው ወዲያ ሸኚ ስለማይገባ ስንብቱን ቤት ጨርሱት፣ በረካው እስኪጠጣ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መግባት፣ መስታወት ዳር ወንበር መያዝ፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠሙ አውሮፕላኖቹ ሲነሱ ማየት። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ እርሱት።