የክሮኖሜትርን ስሕተት በጊዜ ኳስ እንዴት መለካት ይቻላል

መርከብ ላይ ያለ ክሮኖሜትር፣ ማለትም ኬንትሮስን ለማስላት የግሪኒችን (የኬንትሮስ መነሻ የሆነውን የእንግሊዝ ምልከታ ጣቢያ) ሰዓት ይዞ የሚጓዝ ሰዓት፣ ትክክለኛውን ሰዓት ማሳየት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ስሕተቱ የታወቀ እንዲሆን፣ ስሕተቱም በየቀኑ በእኩል መጠን እንዲያድግ ነው። የሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያዎች በየወደቡ በተወሰነ ሰዓት ከምሰሶ ጫፍ ኳስ (የጊዜ ኳስ) ሲጥሉና መድፍ ሲያስተኩሱ የነበረው ይህ ስሕተት እንዲለካ እንጂ የሰዓት ጠቋሚ እንዲስተካከል አልነበረም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ይያዝ፦ ጠቋሚውን አትንኩ። በነካችሁት ቁጥር ያለፉት ቀናት መዝገብ ዋጋ ያጣል።

ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ መርከቡ ያለበት ቦታ ሰዓት ከግሪኒች ሰዓት ያለው ልዩነት ኬንትሮሱን ይሰጣል። 4 ሰከንድ የተሳሳተ ሰው ኬንትሮሱን በ1 ደቂቃ (በዲግሪ 1/60) ይስታል፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 1 የባሕር ማይል ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምልክቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ለመገመት ይረዳል። በጣቢያው ያለው ባለሙያ ሌሊት የታወቁ ከዋክብት የሰሜን-ደቡብ መስመርን ሲያቋርጡ በመስመሩ ላይ ብቻ በሚዞር ቴሌስኮፕ ይመዘግባል፤ ከዚያ የጣቢያውን ሰዓት ስሕተት ያሰላል። ቴሌስኮፑ ራሱ በትንሹ ያዘነበለ ወይም ከመስመሩ የወጣ ሊሆን ስለሚችል እነዚህም ስሕተቶች ተለክተው ይቀነሳሉ። ሰማዩ ለቀናት ከደመነ ግን ጣቢያው የሚተማመነው በሰዓቱ ብቻ ነው። ከረጅም የዝናብ ሳምንት በኋላ የወደቀ ኳስ ጥርት ካለ ሌሊት ማግሥት እንደወደቀው እኩል አይታመንም፤ በመዝገባችሁ ላይ የአየሩን ሁኔታ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የጊዜ ኳስን ሐሳብ ያቀረበው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ካፒቴን ሮበርት ዋቾፕ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1829 በፖርትስመዝ ተሞከረ። በግሪኒች በ1833 የተተከለው ኳስ በ12:55 ምሰሶው አጋማሽ ድረስ፣ በ12:58 ጫፍ ድረስ ይወጣና በ13:00 ይወድቃል። በቀትር ያልሆነበት ምክንያት በዚያ ሰዓት ባለሙያዎቹ የፀሐይን መስመር ማቋረጥ በመመልከት ስለሚጠመዱ ነው። ከ1852 ጀምሮ የቻርልስ ሼፐርድ የኤሌክትሪክ ሰዓት ምልክቱን በቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ሩቅ ቦታ መላክ ቻለ፤ በ1855 በዲል ወደብ የተተከለው ኳስ የሚወድቀው ከግሪኒች በመጣ ምልክት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ክሮኖሜትሩ ከሳጥኑም ከቦታውም አይነሳም፤ መርከቡ ወለል ላይ የሚወጣው ሌላ የእጅ ሰዓት ነው። ሁለቱን አስቀድማችሁ ታነጻጽራላችሁ። አብዛኛው የሳጥን ክሮኖሜትር በግማሽ ሰከንድ ስለሚመታ ምቱን በጆሮ እየቆጠሩ ሙሉ ደቂቃ ላይ ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን ማንበብ ይበቃል። ለምሳሌ ክሮኖሜትሩ 11:40:00 ሲል የእጅ ሰዓቱ 11:38:51.5 ቢል፣ ልዩነቱ 1 ደቂቃ ከ8.5 ሰከንድ ነው።

ከዚያ ኳሱ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ላይ ቁሙ። ኳሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተዘጋጁ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይናችሁን ከእርሱ አትንቀሉ፤ ምቱን የሚቆጥረው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል። የሚመዘገበው ኳሱ ከጫፉ የተላቀቀበት ቅጽበት ነው። ታች ሲደርስ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ አወዳደቁ ሰከንዶች ይፈጃል፣ መጨረሻው ላይም ኳሱ እንዳይሰበር ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረጋል። ከወለሉ ስትመለሱ ሁለቱን ሰዓቶች እንደገና አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከተለወጠ የእጅ ሰዓቱ ተናውጧልና የዕለቱን ልኬት ጣሉት።

ዓይን አይቶ አፍ “አሁን” እስኪል ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ ያልፋል። ይህን ማስወገድ አይቻልም፤ ሁልጊዜ ያው ሰው ከተመለከተ ግን መዘግየቱ ከቀን ቀን ተመሳሳይ ስለሚሆን የዕለት ለውጡን (ስሕተቱ በየቀኑ የሚያድግበትን መጠን) አያበላሽም። ተመልካች መቀያየር የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ ይኸውላችሁ። ወደባችሁ በምሥራቅ ኬንትሮስ 18 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ ነው እንበል። በ15 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሆናል። ኳሱ በወደቡ 13:00 ከወደቀ በግሪኒች 11:46:00 ነው። (ምልክቱ በወደቡ ሰዓት ይሁን በግሪኒች ሰዓት አስቀድሞ ከምልክቶች ዝርዝር መረጋገጥ አለበት፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሌላው ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ነው።) የእጅ ሰዓቱ 11:46:04 ካለ ክሮኖሜትሩ 11:47:12.5 ብሏል ማለት ነው፤ 1 ደቂቃ ከ12.5 ሰከንድ ይቀድማል።

ከ10 ቀን በኋላ በዚያው ምልክት 11:47:29.5 ቢል፣ ቅድሚያው 1 ደቂቃ ከ29.5 ሰከንድ ደርሷል። ጭማሪው 17 ሰከንድ ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 1.7 ሰከንድ ይሆናል። ከሁለቱ ቁጥሮች የበለጠ የሚጠቅማችሁ ይህ የዕለት ለውጥ ነው። ከሁለተኛው ልኬት በኋላ በ23ኛው ቀን፣ በባሕር ላይ፣ ክሮኖሜትሩ 14:20:00 ቢያሳይ፦ 1.7 በ23 ሲባዛ 39.1፣ በ89.5 ላይ ሲደመር 128.6 ሰከንድ። ስለዚህ የግሪኒች ሰዓት 14:17:51.4 ነው። የዕለት ለውጡን የረሳ መርከበኛ በ39.1 ሰከንድ ይሳሳታል፤ በምድር ወገብ አጠገብ ወደ 10 የባሕር ማይል ያህል ነው። በሌሊት ድንጋያማ ጠረፍ ለሚጠጋ መርከብ ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

የዕለት ለውጥን በአንድ ቀን ልዩነት አትለኩ። በእያንዳንዱ ንባብ 0.3 ሰከንድ ብትስቱ፣ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ስሕተት እስከ 0.6 ይደርሳል፤ ለ10 ቀን ሲካፈል ግን 0.06 ብቻ ይቀራል።

ጭጋግ ኳሱን ይሸፍናል። ኤዲንብራ በ1861 የ13:00 መድፍ የጨመረችው ለዚህ ነበር። መድፍ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፦ ድምፅ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። 3,400 ሜትር ርቆ የቆመ መርከብ ድምፁን የሚሰማው 10 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ብልጭታው ወይም ጭሱ ከታየ እርሱን መዝግቡ። ካልታየ ርቀቱን ለድምፅ ፍጥነት አካፍላችሁ ከንባባችሁ ላይ ቀንሱ፤ ፍጥነቱም ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር በ0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል።

ኃይለኛ ነፋስ ካለ ኳሱ ላይወጣ ይችላል። የወረደው በዝግታ ከሆነ ወይም ያለ ጊዜው ከወደቀ ደግሞ ምልክት አትበሉት፤ የሚቀጥለውን ቀን ጠብቁ።

ክሮኖሜትሩ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሞላ፤ የጠመዝማዛው ኃይል ወጥ እንዲሆን። ከብረት ክምችትና ከሙቀት ምንጭ ይራቅ። ወደብ ላይ የተለካ የዕለት ለውጥ ሙቀቱ በተለወጠ ባሕር ላይ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በሚቀጥለው ወደብ ያለው ምልክት ሁሉ ይለካ። ቢቻል ሦስት ክሮኖሜትር ይያዝ፤ ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ አይታወቅምና። ቢግል የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1831 ስትነሣ 22 ክሮኖሜትር ይዛ ነበር።

የግሪኒች ኳስ ዛሬም በ13:00 ይወድቃል፤ አሮጌ ክሮኖሜትር ያለው ሰው ይህንኑ ዘዴ ሊሠራበት ይችላል። በሬዲዮ ምልክት የምትለኩ ከሆነ ግን የዲጂታል ሬዲዮና የኢንተርኔት ስርጭት በሰከንዶች እንደሚዘገይ፣ መዘግየቱም እንደ መሣሪያው እንደሚለያይ እወቁ። አናሎግ ስርጭት ወይም በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ የጂፒኤስ መቀበያ ተጠቀሙ።