ኮርኒስ ሲቆረጥ የሚፈጸሙ አደገኛ ስህተቶች

ደሴ ላይ ኮርኒስ በሌለው ቤት ክረምቱን መግፋት ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቆርቆሮውን አልፎ አጥንት ይገባል። ስለዚህ ኮርኒስ እናሠራለን፤ ቆይተን ደግሞ አምፖል ለመጨመር ወይም የሚያፈስሰውን ቆርቆሮ ለማየት እንቆርጠዋለን። በኤሌክትሪክ ሥራ ስኖር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ መቁረጥ ነው። ከላይ 220 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል፤ ከታች ሆኖ የሚቆርጠው ሰው አያየውም።

መብራት በሄደበት ሰዓት መጀመር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «አሁን መብራት የለም፤ ሳይመጣ ቶሎ እንጨርሰው» የሚል ሠራተኛ በየቤቱ አለ። መብራት ግን ሲመለስ ማንንም አያስጠነቅቅም። ከዓመታት በፊት አንድ ረዳቴ በዚሁ ሐሳብ ሽቦ በፒንሳ እንደያዘ መብራት መጣ። ንዝረቱ ከመሰላል ጣለው፤ ክንዱ ተሰበረ። በሕይወት መትረፉን ባሰብኩ ቁጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ብሬከሩን ሳላወርድ ነው የላክሁት። መብራት ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀትም ይለጥፉበት። አለዚያ «ቤቱ ለምን ጨለመ?» ብሎ መልሶ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም።

ማጥፊያውን ማመን። የግድግዳው ማጥፊያ የሚያቋርጠው ወደዚያች አምፖል የሚሄደውን ብቻ ነው። ወደ ሌላ ክፍል የሚያልፈው መስመር እዚያው ላይ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። በተለይ አከራይና ተከራይ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ግቢ ከሌላ ቆጣሪ የተሳበ ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል የራስዎን ብሬከር ማውረድ ብቻውን አይበቃም። በቴስተር ይፈትሹ። ቴስተሩንም አስቀድመው በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር ሽቦው ኤሌክትሪክ እያለውም «የለም» ሊል ይችላል።

ሽቦው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ መገመት። በግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከኮርኒስ በላይ ግን ያየሁት ሌላ ነው፤ ሽቦ ለመቆጠብ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ የተዘረጋ፣ ያለ ቱቦ በእንጨቱ ላይ የተጣለ። ስለዚህ መጀመሪያ እጅ የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ በእጅ መጋዝ ይክፈቱና በባትሪ ይመልከቱ። ቺፕውዱ 8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግራይንደር ይህን አልፎ ሽቦውን ለመቁረጥ ቅጽበት አይፈጅበትም።

የተነካን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልሎ መዝጋት። በተለይ ወደ ምጣድ የሚሄደውን። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የላላው መጋጠሚያ ይግላል፤ ዙሪያው ደግሞ ደረቅ እንጨትና አቧራ ነው። የተነካው መስመር ይቀየር፤ ካልተቻለም መጋጠሚያው በሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሳጥኑም ተከፍቶ የሚታይበት ቦታ ይኑረው።

ውጭ አገር፦ ማሞቂያውን አለማወቅ። አሜሪካና ካናዳ ቤት በማደስ ሥራ ላይ ላላችሁ የአገሬ ልጆች ይህን ለይቼ እጽፋለሁ። የእህቴ ልጅ «እዚህ ምድጃው ጣሪያው ውስጥ ነው» ሲለኝ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ እኛ የምናውቀው እሳት ከመሬት ነው። በተለይ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ አንዳንድ ቤቶች የኮርኒሱ ልስን ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ እየተመላለሰ ተቀብሯል። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ በአንድ ቦታ ከተቆረጠ ክፍሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል። ለአምፖል ማንጠልጠያ የገባ አንድ ብሎን እንኳ ሊበጥሰው ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ግድግዳው ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ፣ ማሞቂያ ግን የትም አይታይም። እንዲህ ያለ ክፍል ካጋጠማችሁ ማሞቂያውን አብሩና ጣሪያው ሲሞቅ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ እዩት፤ የሽቦው መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ነው መቁረጥ። የዚያ ዘመን ልስን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችልም አስቀድሞ ይመርመር።

ፎቶ ሳያነሱ መዝጋት። ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የሽቦውን መንገድ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከየትኛው ግድግዳ ስንት ሜትር እንደሚርቅም በወረቀት ይጻፉ። ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት።