ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ስንፈጭ የት ላይ እናቁም?

አዳማ ወፍጮ ቤት ሽሮ የሚያስፈጭ ሰው ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ ካልላመለት «ድገሙልኝ» ይላል፤ ለሽሮ ትክክል ነው። ወርቅ ያለበትን የኳርትዝ ድንጋይ ወደ እኛ የሚያመጡ ደንበኞችም «በደንብ ይላም» ይሉናል፤ ወርቁ ከድንጋዩ ከተላቀቀ በኋላ የሚደረግ መፍጨት ግን ኪሳራ ብቻ ነው።

ማቆሚያውን ለማግኘት በመዶሻ የተከሰከሰውን ድንጋይ በደንብ አደባልቀው አራት እኩል ቦታ ይክፈሉት። እያንዳንዱን ክፍል የብረት ኳስ ባለበት በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ለ15፣ ለ30፣ ለ45 እና ለ60 ደቂቃ ለየብቻ ይፍጩ፤ ከዚያም በገበቴ አጥበው የተገኘውን ወርቅ ይመዝኑ። ጊዜው ሲጨመር ወርቁ መጨመሩን ካቆመ ልኩ እዚያ ነው። ወርቅ በድንጋይ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ሙከራውን ቢያንስ አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።

ልኩ ሲታለፍ መጀመሪያ የሚሰማው ኪስ ነው። ፍሬድ ቦንድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው የመፍጨት ጉልበት ቀመር ሲሰላ፣ በቀመሩ የጥንካሬ መለኪያው 15 የሆነ አንድ ቶን ድንጋይ ከ2 ሚሊሜትር ወደ 75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ለመውረድ 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ወደ 20 ማይክሮን ለመውረድ ግን 30 ይፈጃል፤ ቀመሩ በዚህ ደቃቅነት ዝቅ አድርጎ ስለሚገምት እውነተኛው ወጪ ከዚህም ይበልጣል። ምክንያቱም ብናኙ ባነሰ ቁጥር የሚሰበርበት ስንጥቅ እያጣ ይሄዳል፤ ወደ አንድ ማይክሮን ሲጠጋ ከመሰበር ይልቅ መለመጥና እርስ በርሱ መጣበቅ ይጀምራል፣ ኳሶቹም በከንቱ ተበልተው ብረታቸውን ይጨምሩበታል። ወርቁ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ አይደቅም፤ ተጠፍጥፎ እንደ ቅጠል ይሳሳና ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከገበቴው ይወጣል።

መላሙ መብዛቱን ያለ መሣሪያ ለማወቅ ጭቃውን በብዙ ውሃ አቅጥነው 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡት። 75 ማይክሮን የሆነ የኳርትዝ ብናኝ በ40 ሰከንድ ገደማ፣ 10 ማይክሮን የሆነው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ማይክሮን የሆነው ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ወስዶ ይዘቅጣል። አንድ ማታ ወፍጮውን ሳላጠፋ ሄጄ ጠዋት ያገኘሁት ጭቃ አጥሚት ይመስል ነበር፤ በማግስቱም አልጠራም።

በደረቅ መፍጨት ፈጽሞ አይገባም፤ የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል፣ የጨርቅ ጭምብልም አያስጥልም።

ከፊሉ ልሞ ከፊሉ ሻካራ ሆኖ ከተገኘ ሁሉንም መልሶ መፍጨት አያስፈልግም። በወንፊት ያለፈውን ለይተው አስቀምጠው፣ ላይ የቀረውን ብቻ ወደ በርሜሉ ይመልሱ።