የፊት በርና መቃን ለማስቀባት ስንት ብር ልላክ? ባሕር ዳር ቤት ላላችሁ

ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። ሰላምታው ያልቅና «በሩ እኮ አርጅቷል፣ ፋሲካም እየደረሰ ነው፣ ቀለም ብናስቀባው» ይባላል። እናንተም «ስንት ይበቃል?» ትላላችሁ። አንድ ቁጥር ይነገራችኋል፣ ትልካላችሁ፣ አለቀ። እኔም ለዓመታት እንዲህ ነበር የማደርገው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለው የእናቴ ቤት በር በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ሁለቱንም ጊዜ ሲላጥ ነው ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ማንም አልሰረቀኝም። ብሩን የላክሁት ግን ምን እንደማሠራበት ሳላውቅ ነበር።

መጀመሪያ የትኛው በር እንደሆነ ተግባቡ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ «የፊት በር» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የግቢው የላሜራ በር ነው። መኪና የሚያስገባ የግቢ በር 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ቢሆን አንዱ ጎኑ ብቻ 6.6 ካሬ ነው። ሁለቱ ጎን ከ13 ካሬ በላይ ይሆናል። እናንተ ያሰባችሁት ደግሞ የሳሎኑን መግቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቤት ያለው ሰው ሜትር ይዞ ይለካ፣ ፎቶም ይላክላችሁ።

ባለ አንድ ተከፋች የሳሎን መግቢያ የብረት በር ብዙ ጊዜ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 90 ሳንቲም ይሆናል። አንዱ ጎን 1.9 ካሬ ገደማ ነው፣ ሁለቱ ጎን 3.8። መቃኑ ደግሞ ሁለቱ ቋሚና የላይኛው ሲደመሩ 5 ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። ዙሪያውን 25 ወይም 30 ሳንቲም ብትይዙለት ከ1.3 እስከ 1.5 ካሬ ይመጣል። ድምሩ ከ5 ካሬ ትንሽ ይበልጣል። የዘይት ቀለም በደንብ በተዘጋጀ ገጽ ላይ አንድ ሊትሩ ለአንድ እጅ (ለአንድ ዙር ቅብ) 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ሲቀባ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ብክነቱን ጨምራችሁ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ። ለአንቲረስቱ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ለሚቀባው የዝገት መከላከያ፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። ጋሎን የሚባለው 4 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ የሳሎን በር «ሁለት ጋሎን ያስፈልጋል» ከተባላችሁ ወይ የግቢው በርም ታስቧል፣ ወይ ደግሞ ያልተነገራችሁ ነገር አለ። ጠይቁ፣ ግን በጨዋነት ጠይቁ።

ብሩስ? ዋጋ እዚህ ብጽፍላችሁ በወሩ ይለወጥባችኋል። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቀለም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ቀለሙ አገር ውስጥ ቢመረትም ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ነው ባሕር ዳር የሚደርሰው። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ይወደዳል። የምነግራችሁ ሒሳቡ የሚሠራበትን መንገድ ነው። ክብ ቁጥር እንውሰድ፤ የገበያ ዋጋ አይደለም፣ ለስሌት እንዲመች ብቻ ነው። የቀለሙ ሊትር 1,000 ብር ቢሆን ሊትር ተኩሉ 1,500 ነው። አንቲረስት 500። ቲነር (የቀለም ማቅጠኛው) 300። ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ 400። ቀቢው በቀን 1,200 ቢጠይቅና ሥራው ሦስት ቀን ቢይዝ 3,600። ድምሩ 6,300 ብር። የእጅ ዋጋው ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቦታው ላይ እውነተኛውን ዋጋ አስጠይቃችሁ በእነዚህ ቦታ ተኩትና የተነገራችሁ ቁጥር ከዚህ ጋር ይቀራረብ እንደሆነ እዩ።

እዚህ ላይ የምታገልለት ነገር አለኝ። ብዙዎቻችን ለመቀነስ የምንሞክረው የቀቢውን ዋጋ ነው። ቀለሙን ውድ እንገዛና ሰውየውን እናስጨንቃለን። በር ላይ ግን ዋናው ሥራ ቀለም መቀባቱ አይደለም፤ ማጽዳቱ፣ መፋቁ፣ ዝገቱን ማስለቀቁ ነው፣ ይህ ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋልን ይጠይቃል። ዋጋው የተቆረጠበት ቀቢ መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ከዝገቱ ጋር አብሮ ይነሳል። የእናቴ በር የመጀመሪያው ጊዜ የተላጠው በዚህ ምክንያት ነው። አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ከበሩ ግርጌ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። ሥሩ ቡናማ ዱቄት ነበር። የብረት በር ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ከታች ነው፣ ምክንያቱም በረንዳው ሲታጠብ ውኃው የሚረጨው እዚያ ነው፣ ዝናቡም መሬት መትቶ የሚነጥረው እዚያ ነው። ጣና ጨው የለውም፣ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ብረት አይበላም። ግን እርጥበቱ አለ፣ የሐይቁ ዳር የጠዋት ጤዛም አለ።

ስለዚህ ከቀቢው ጋር ስትነጋገሩ «አሳምርልኝ» አትበሉት። ሥራውን በየደረጃው ንገሩት። የተነሳው ቀለም በሙሉ ይፋቅ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይውጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ አቧራው ተጠርጎ በቲነር ይጠረግ፣ አንድ እጅ አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። ላሜራው ከታች ተበስቶ ከሆነ ከቀቢው በፊት በያጅ ይምጣ፤ ቀዳዳን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ለአንድ ክረምት እንኳን አይቆይም። የበያጁ ዋጋ ለብቻው ነው፣ ከቀለሙ ጋር እንዳይደባለቅባችሁ።

አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ የተሠሩ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል፣ ለልጆች አእምሮ አደገኛ ነው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አላት፣ ግን እናንተ በር ላይ ያለው ቀለም ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ውኃ እያስነኩ ይፋቅ። የልጅ ልጆች ቤት ካሉ ያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ። የረገፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ በመጥረጊያ አይቡነን።

ጊዜው ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በቃ መነጋገርም አያስፈልግም። ሁላችንም ለእንቁጣጣሽ ቤቱ እንዲያምር ስለምንፈልግ ነሐሴ ላይ ነው ብር የምንልከው። የኔ ሁለተኛ ስህተት ይኸው ነበር። በነሐሴ የተቀባው በር በኅዳር ውኃ የቋጠረ ፊኛ አወጣ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባለው ጊዜ አስቀቡ። ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ይለፋችሁ፣ ቀቢዎች ሁሉ የሚጣደፉበት ሰሞን ነው። ለፋሲካ ከሆነ ጾሙ እንደገባ ጀምሩ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ጤዛው ሲደርቅ ሦስት ሰዓት አካባቢ ተጀምሮ የዕለቱ ቅብ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሰዓታት ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ ከተቀባ በረንዳው ላይ መብራት ሲበራ ትንኙ ይመጣና ይለጠፍበታል፣ ሐይቁ አጠገብ ያደገ ያውቀዋል። ከዚያ የባሰው ግን በሩ ማታ መዘጋት ያለበት መሆኑ ነው። ያልደረቀ በር መቃኑ ላይ ሲዘጋ ይጣበቃል። ጠዋት ሲከፈት «ጨርርር» ይልና ከጠርዙ ላይ ቀለሙን እንደ ፕላስተር ገንጥሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለቱ የቀለም እጆች በተለያየ ቀን ይቀቡ፣ የሚዘጋ ከሆነም በሩና መቃኑ በሚነካኩበት በኩል ንጹሕ ፌስታል ይጋረድበት። ያን ቀን ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል፤ እናቴን ብቻዋን በተከፈተ በር አስቀምጬ ቀቢ አልልክባትም፣ የእህቴ ልጅ የሚውልበትን ቀን ጠብቄ ነው የማሠራው።

በራችሁ የዋንዛ ወይም ሌላ እንጨት ከሆነ ነገሩ ይለያል። የዋንዛ በር ካላችሁ እባካችሁ ቀለም አትቀቡት፣ ተፍቆ ቫርኒሽ ቢቀባ ነው የሚያምርበት። በክረምት እንጨቱ ያብጥና በሩ አልዘጋም ይላል። ቤት ያሉት ሰዎች አናጢ ጠርተው በመላጊያ ሊያስፍቁት ይፈልጋሉ፣ ግን በጋ ሲመጣ ይኮሰምንና ክፍተት ይተዋል። ትንሽ ታገሡ። የመቃኑን እግር ደግሞ በምስማር ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ምስማሩ ያለ ችግር ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል፣ ቀለሙ ይቆይ።

አሁን ወደ ብሩ። ባንድ ጊዜ አትላኩ። እኔ በሦስት ነው የምከፍለው። የዕቃውን በቀጥታ ለሱቁ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ደረሰኝ ተቆርጦ፣ ቆርቆሮው ሳይከፈት ከነስሙና ከነሊትሩ ፎቶ ተነስቶ። ለቀቢው ቀብድ እንደ ሲሦው። ቀሪው ሥራው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ። ቀለም መቀባት ውክልና አያስፈልገውም፣ አትጨነቁ፤ ቤቱን ለማከራየት ወይም የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ለመጨረስ ሲሆን ነው ኤምባሲ የምትሄዱት። አባይ ማዶ ያለ ቀቢ ወደ ሽምብጥ ሦስት ቀን ሲመላለስ የባጃጅ ብር ያወጣል፣ እሱንም አስቡለት። ምሳና ቡናውን ደግሞ እናቶቻችን አይረሱትም።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በብርዱ ወራት ባሕር ዳር በስምንት ሰዓት ይቀድመናል። ቀቢው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲጀምር እዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። በቪዲዮ ልከታተል ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፣ ኢንተርኔቱም ሁልጊዜ አይገኝም። ሦስት ፎቶ ብቻ ጠይቁ። አንዱ ተፍቆ ያለቀው። ሁለተኛው በሩ ከላይ እስከ ታች በአንቲረስቱ ቀለም፣ ቀይ ቡኒ ወይም ግራጫ ሆኖ። ይህን ካላያችሁ አንቲረስት መቀባቱን በምን ታውቃላችሁ? ሦስተኛው ያለቀው ነው።

ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ሰውየው ጨርሷል፣ በሩ እንዲያው ሙሽራ መስሏል» አለችኝ። «እትዬ፣ በሩን ገርበብ ያድርጉና ስልኩን ከሥሩ ያስገቡልኝ፣ ወደ ላይ ያንሱት» አልኳት። «ከሥሩ? ማን ያየዋል እሱን!» አለች፤ ግን አደረገችው። የታችኛው ጠርዝ ባዶ ብረት ነበር፣ ቀለም የሚባል አልነካውም። ውኃው የሚገባው ደግሞ በእሱ ነው። ቀቢው ሲነገረው አልተቆጣም፣ በሩን ከማጠፊያው አውልቆ ግንብ አስደግፎ ቀባው፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። የላይኛውንም ጠርዝ እንዲሁ አሳዩኝ በሉ። ማጠፊያውና የቁልፉ ቀዳዳም በቀለም እንዳልተደፈነ እዩ።

ለአንድ በር ብቻ ቀቢ ማመላለስ ያስወድዳል። ከመፋቁ ቀን በኋላ በየቀኑ ያለው ሥራ የሁለት ሦስት ሰዓት ነው፣ እሱ ግን ቀኑን ያስባል። ጋሎን ከገዛችሁም ከግማሽ በላይ ይተርፋል። የመስኮቶቹን ብረት አብራችሁ ብታሠሩ ያው ቀቢ፣ ያው ቀለም፣ ያው ሦስት ቀን ነው። ከዚያም የሚተርፍ ካለ ክዳኑ በደንብ ተመትቶ ይዘጋ፣ ክዳኑ ላይ የቀለሙ ስምና ቁጥር፣ የተቀባበት ወርና «የሳሎን በር» ተብሎ በማርከር ይጻፍ። የክዳኑን ፎቶ እናንተ ስልክ ላይ አስቀምጡት። የኔ ክዳን ላይ «ጥር 2017» ይላል።