ጫፉ ላይ ለምን ቢጫ ይሆናል? የሚጨፍሩ የገና መብራቶች ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከታንክስጊቪንግ ማግስት ጀምሮ ሰፈሩ በመብራት ይጥለቀለቃል። ጎረቤቶቼ አዲስ ዓመታቸው እንዳለፈ ያወርዱታል። እኔ እስከ ታኅሣሥ 29 ንክች አላደርገውም። ሁለት ገና ስለማከብር መብራቴም ሁለት እጥፍ ይሠራል፤ ሁለት እጥፍም ይበላሻል።

በየዓመቱ ወዳጆቼ ስልክ እየደወሉ «መብራቴ እንዲህ ሆነብኝ» ይሉኛል። አብዛኛው ብልሽት ታዲያ ጣሪያ ላይ የተፈጠረ አይደለም። ከሱቅ አብሮ የተገዛ ነው። ስለዚህ ጥገናውን ስናገር፣ ሲገዛ ምን መታየት እንደነበረበትም ጣል አደርጋለሁ።

አንድ መብራት እየሮጠ እንዲያልፍ ፈልጌ ሁሉም እኩል ቀለም ይቀይራል

የገዛችሁት ተራ አርጂቢ ነው። ጫፉን እዩት፤ አራት ሽቦ አለው። አንዱ ላይ 12 ቮልት የሚል ተጽፏል፤ ሦስቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ናቸው። ገመዱ በሙሉ የሚሰማው አንድ ትዕዛዝ ነው። ሶፍትዌር ብትቀይሩ፣ ትዕዛዝ የሚልከውን ሳጥን (ኮንትሮለር) ብትቀይሩ ለውጥ የለም።

የሚሮጥ፣ እንደ በረዶ የሚወርድ፣ ከዘፈን ጋር የሚጨፍር መብራት ከፈለጋችሁ የሚያስፈልገው ፒክስል የሚባለው ነው። እያንዳንዱ መብራት የራሱ ቺፕ አለው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ ነው፦ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭና ትዕዛዙ የሚሄድበት ዳታ። ማሸጊያው ላይ «ባለ ብዙ ቀለም» መባሉ ምንም አይነግራችሁም። የቺፑን ስም ፈልጉ፤ ደብልዩኤስ 2811፣ 2812ቢ ወይም 2815 የሚል። ሻጩ የቺፑን ስም ካላወቀ አልፋችሁ ሂዱ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ 12 ቮልት 2811 ስትሪፕ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ቺፕ የሚያዘው ሦስት መብራት ነው። እኔ «300 መብራት» የሚለውን አይቼ 300 ፒክስል ገዛሁ ብዬ ነበር። 100 ነበር። የሚሮጠው ኮከብ እንደ አንበጣ እየዘለለ ሲሄድ ነው የገባኝ።

የተገዛውን ተራ አርጂቢ ግን አትጣሉት። ቁጥቋጦ ሥር አድርጋችሁ ግድግዳውን ወደ ላይ ብታበሩበት ያምራል።

መነሻው ነጭ ነው፣ መሃሉ ቢጫ፣ ጫፉ ቀላ ይላል

ከሁሉም በላይ የሚደወልልኝ በዚህ ነው። አብዛኛው ሰው መብራቱ የተበላሸ ይመስለውና ሊመልሰው ይሄዳል። መብራቱ ምንም አልሆነም። ኃይል አልደረሰውም፤ ርቦታል።

ነጭ የሚሆነው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ላይ ሲበሩ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ለመብራት 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋሉ፤ ቀዩ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ቀጭኑ ሽቦ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰማያዊው ይደክማል፤ ነጩ ቢጫ ይሆናል። አረንጓዴው ይከተላል፤ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ቮልቴጁ የት ጋ እንደወረደ ይነግራችኋል።

አሁን ሂሳቡን እንየው። አንድ ባለ 5 ቮልት 2812ቢ ፒክስል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል። 100 ፒክስል ማለት 6 አምፔር፣ 30 ዋት ነው። 6 አምፔር በዚያች ክር በምታህል ሽቦ ስታሳልፉ ጫፍ ላይ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ለማረጋገጥ ሁሉንም ነጭ አድርጋችሁ አብሩና ቮልቴጅ የሚለካ ቴስተር አምጡ። ጠፍቶ ሳለ ብትለኩት ጫፉም 5 ያሳያችኋል፤ ትታለላላችሁ። በርቶ መነሻው ላይ 5፣ ጫፉ ላይ 3.8 ካነበባችሁ ነገሩ አለቀ።

መፍትሄው የግድግዳውን ኃይል ወደ 5 ወይም 12 ቮልት ከሚያወርደው ከፓወር ሰፕላዩ ወፈር ያለ ሁለት ሽቦ ስባችሁ፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ጫፉ ላይም ማስገባት ነው። ዳታውን አትንኩት፤ እሱ እንደነበረ ይቀጥላል። በየሽቦው መነሻ ፊውዝ ይግባ። እኔ ባለ 5 ቮልቱን በየ50 ፒክስሉ፣ ባለ 12ቱን በየ100ው እመግበዋለሁ። ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ከጨመራችሁ ኔጌቲቮቹ ይገናኙ። ፖዘቲቮቹ ግን አይገናኙ፤ የሁለቱ ድርሻ የሚለያይበት ቦታ ላይ ፖዘቲቩን ቁረጡት።

ገና ካልገዛችሁና ቤቱ ሰፊ ከሆነ ባለ 12 ቮልቱን ውሰዱ። መንገድ ላይ አንድ ቮልት ቢጠፋ ከ5 ላይ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው፤ 12ቱ ግን ብዙም አይሰማውም።

ምንም ሽቦ የማይጠይቅ መፍትሄም አለ፤ ብርሃኑን ወደ 30 በመቶ ማውረድ። ሌሊት ላይ ይበቃል፤ ይተርፋልም። መጀመሪያ ዓመት መቶ በመቶ አድርጌው አክስቴ ከመኪና ወርዳ «ልጄ፣ ቤት ነው የምትኖሩበት ወይስ ናይት ክለብ ከፈታችሁ?» አለችኝ።

ያበደ ይመስላል፤ ያላዘዝኩትን ቀለም ይረጫል

ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት ደህና ነበር፤ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አበደ። እዚህ የታመመው ዳታው ነው።

መጀመሪያ ኔጌቲቩን እዩ። የኮንትሮለሩና የመብራቱ ኔጌቲቭ ካልተገናኙ ዳታው የሚለካበት መነሻ የለውም። ከሚደወልልኝ ግማሹ እዚሁ ላይ ያልቃል።

እሱ ደህና ከሆነ ቮልቴጁን አስቡ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ኢኤስፒ 32 የሚባለው ኮንትሮለር ዳታውን የሚልከው በ3.3 ቮልት ነው። ባለ 5 ቮልቱ 2812ቢ ደግሞ «አንድ» ብሎ የሚቀበለው ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ነው፤ የኃይሉ 70 በመቶ መሆኑ ነው። ሽቦው አጭር ሲሆን እንደምንም ያልፋል። አራት አምስት ሜትር ሲሆን መንተባተብ ይጀምራል። 74ኤችሲቲ125 የምትባል ርካሽ ቺፕ መሃል አስገቡና 3.3ቱን ወደ 5 ታነሳላችኋለች። ዳታው ላይ 330 ኦም ሬዚስተር ጨምሩ። ኮንትሮለሩንም ወደ መጀመሪያው ፒክስል አስጠጉት።

ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ደግሞ ቀስቱን እዩ። ዳታ በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። በጨለማ መሰላል ላይ ሆኖ ገልብጦ መሰካት የኔም ሙያ ነበር።

እስከ 37ኛው ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ

ፒክስሎች ዳታውን እየተቀባበሉ ነው የሚያደርሱት። የመጀመሪያው የራሱን ድርሻ ይወስድና የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። አንዱ ካላሳለፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ጥፋተኛው ወይ የመጨረሻው የበራው ነው፣ ወይ የመጀመሪያው የጠፋው። በራ ማለት አሳለፈ ማለት አይደለምና የበራውን በነፃ አትልቀቁት።

ከሶኬት ንቀሉ። የጠፋውን ቆርጣችሁ አዲስ በይዱ፤ ካልሠራ የመጨረሻውን የበራውን ቀይሩ። ብየዳውን በናስትሮ ብቻ አትጠቅልሉ፤ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ፕላስቲክ አለ። እኔ አንድ የገና ዋዜማ ሻማ በምታህል የግንባር መብራት፣ በረዶ ላይ ተንበርክኬ በየድኩ። ጣቶቼ ደርቀው ካውያውን መያዛቸውን እንኳ የማውቀው በማየት ነበር። ያን ቀን መለዋወጫ ባይኖረኝ ኖሮ ግማሹ ቤት እስከ ጥር ጨለማ ነበር።

ስትገዙ አንድ ገመድ ትርፍ ግዙ፤ ከዚያው ሻጭ፣ በዚያው ቀን። በኋላ የሚመጣው ነጩ ትንሽ ይለያል፤ ከመንገድ ላይ ሳይቀር ይታያል። 2815 የሚባለው ደግሞ መጠባበቂያ የዳታ መስመር አለው፤ አንድ ፒክስል ቢሞት ቀጣዩ አይጠፋም። እሱም አራት ሽቦ ስለሆነ ከተራው አርጂቢ ጋር እንዳታምታቱት፤ ሽቦውን ከመቁጠር ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል።

ቀይ ብዬው አረንጓዴ በራ

አልተበላሸም። 2812ቢ መጀመሪያ የሚቀበለው አረንጓዴውን ነው። ኮንትሮለሩ ላይ የቀለሙን ቅደም ተከተል ቀይሩ። አንድ ደቂቃ።

ደብዛዛ ነው

ደብልዩ-ኤልኢዲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የኃይል ገደቡን እዩ። ሲጫን 850 ሚሊአምፔር ላይ ተገድቦ ነው የሚመጣው። የፓወር ሰፕላያችሁን አቅም አይታችሁ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ሙሉ።

ከዘፈኑ ኋላ ይቀራል

አንድ ፒክስል ዳታውን ለመቀበል 30 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። 1000 ፒክስል በአንድ መስመር 30 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በሰከንድ ወደ 33 ምስል። ዓይን አያማርርም። 3000 ካደረጋችሁት ግን በሰከንድ 11 ብቻ ነው፤ እስክስታው ሽባ ይሆናል። ገመዱን በተለያዩ የኮንትሮለር መውጫዎች ላይ ከፋፍሉት። ዘፈኑን ከመብራቱ ጋር ኤክስላይትስ በሚባለው ሶፍትዌር የምታቀናብሩ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮለሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙት።

ዝናብ ሲጥል ሁሉም ድርግም ይላል

አሜሪካ ውስጥ የውጭ ሶኬት ብዙውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉት። የሚሄደውና የሚመለሰው ኃይል በ5 ሚሊአምፔር አካባቢ ከተለያየ ይዘጋል። መዝጋቱ ጥፋት አይደለም፤ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። እሱን ለማለፍ ብላችሁ ከቤት ውስጥ ኤክስቴንሽን እንዳትስቡ። ማያያዣዎቹን ከመሬት አንሱ። ሽቦው ወደ ማያያዣው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

አዲስ አበባ ወስጄ ሰካሁት፤ ጧ አለ

ከአሜሪካ ሱቅ የተገዛው፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ተራ የገና መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አገር ቤት 220 ነው። የሶኬት መቀየሪያዋ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አትቀይርም። ያን ዓይነቱን እዚሁ ተዉት፤ ለቤተሰብ ከዚያው ከአዲስ አበባ ግዙ።

ፒክስሉ ራሱ 5 ወይም 12 ቮልት ስለሆነ የትም ይሠራል። ጉዳዩ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። በብረት የታሸገው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በጎኑ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለችው፤ 115 ወይም 230 ትላለች። ከመሰካታችሁ በፊት በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 ግፏት። እኔ አልገፋኋትም ነበር። ጭሱ ሳሎኑን ሲሞላ ወንድሜ መስኮት እየከፈተ «ርችትም ይዘህ መጥተሃል እንዴ?» አለኝ።