ከቀፎው ደጃፍ የሚታየው ምልክት፦ ባዕድ ተባይን ከንቦቻችን ለማራቅ

ላም ስትታመም መኖ ትተዋለች። ዶሮ ክንፏን ትጥላለች። ንብ ግን ሲታመም ብዙ ሰው አያውቅም፤ አንድ ቀን ማለዳ ቀፎው ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ከዚያ «ንቡ ኮበለለብኝ» ይባላል።

እኔም እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገበያ አንድ ህብረ ንብ (ከነንግስቷ በአንድ ቀፎ የሚኖር የንብ መንጋ) ገዛሁ። ንቡ ብዙ ነው፣ ቀፎው ይከብዳል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። በዚያው ማታ ከነባሮቹ ጎን አስቀመጥኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ክንፋቸው የተጨማደደ ንቦች በአራቱም ቀፎ ደጃፍ መንፏቀቅ ጀመሩ። በሽታውን በገንዘቤ ገዝቼ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ቤቴ ያስገባሁት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ክንፏ የተጨማደደ ንብ መሬት ለመሬት ትሄዳለች

ይህ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫሮዋ ነው። ቫሮዋ ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ጥገኛ ተባይ ናት። የመጣችው ከእስያ ነው። እዚያ የእስያ ንብ ላይ ስትኖር ብዙም አትጎዳም ነበር፤ ሰው የእኛን ዓይነት ንብ ወደ እስያ ሲወስድ ግን ተሻገረች፣ ከዚያ በንግድና በጉዞ ዓለምን አዳረሰች። አገራችንም ገብታለች፤ ትግራይ ውስጥ በተደረገ ጥናት ተገኝታለች። እጩ ያለበት ቀዳዳ የሰም ክዳን ሊደረግበት ሲል ቀድማ ትገባና እዚያው ትራባለች። ንቧን ስትመገብ ደግሞ ክንፍ የሚያበላሸውን ቫይረስ ታስተላልፋለች። የምትወደው የድንጉላ (የወንድ ንብ) እጭን ነው፣ ክዳኑ ስር የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በንግስቷ ጀርባ ላይ ቀይ ነገር አይቶ «ቫሮዋ!» ብሎ የሚደነግጥ ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ያ የንብ ቅማል ነው። የንብ ቅማል ክንፍ የሌላት ዝንብ ናት፤ እግሯ ስድስት ነው፣ ድቡልቡል ናት፣ ጉዳቷም ቀላል ነው። ቫሮዋ ስምንት እግር አላት፣ እንደ ሸርጣን ወርዷ ከቁመቷ ይበልጣል። በነጭ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩ፣ ወይ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ብታነሱ ትለዩታላችሁ።

የቫሮዋን ብዛት ለማወቅ ዱቄት ስኳር ይበቃል። የኛ ንብ ቁጡ ስለሆነ ሥራው ሲመሽ ይሁን፣ ጭስም አይለያችሁ። እጭ ካለበት ፍሬም (ንቦቹ የሰም እንጀራቸውን የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ላይ 120 ሚሊ ሊትር የሚሞላ ንብ አራግፋችሁ ወደ ማሰሮ አግቡ፤ ይህ ወደ 300 ንብ ይሆናል። ንግስቷ አብራ እንዳትገባ ፍሬሙን ደጋግማችሁ እዩ። የማሰሮው ክዳን በወንፊት የተሸፈነ ይሁን። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ስኳር ጨምሩበትና በቀስታ አንከባሉት። ሁለት ደቂቃ ታገሱ። ከዚያ ገልብጣችሁ ነጭ ሳህን ላይ በደንብ አራግፉ። ስኳሩ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ይሟሟል፣ ቀያዮቹ ነጠብጣቦች ብቻ ይቀራሉ። ቁጠሩና ለሦስት አካፍሉ፤ ከመቶ ንብ ላይ ስንት እንዳለ ታገኛላችሁ። ስኳር የተቀባው ንብ አይሞትም፣ ቀፎው ደጃፍ ላይ ብትመልሱት ይላላስና ይገባል።

ከመቶ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ችላ አትበሉት። ክዳን የተደረገበትን የድንጉላ እንጀራ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ከነተባዩ ለዶሮ ይሁን። ከዚያ ቀፎ ንብ አታባዙ፣ ፍሬምም ወደ ሌላ አታዛውሩ። በየጊዜው ስትቆጥሩ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የሚቆይ ህብረ ንብ ካላችሁ ግን የምታባዙት እሱን ነው። የአፍሪካ ንብ ቫሮዋን ከአውሮፓው ንብ በተሻለ ይቋቋማል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከሱቅ ያገኛችሁትን ኬሚካል በግምት ቀፎ ውስጥ መክተት ደግሞ ይህንን ሀብት ማበላሸት ነው። ቅሪቱ ሰሙና ማሩ ውስጥ ይቀራል፤ ማሩን የሚበላው ልጃችሁ ነው፣ ወይም ወደ ውጭ ከሄደ በላቦራቶሪ ይመረመራል።

ማሩ ይፈላል፣ እንጀራው ይቀልጣል፣ ሽታው ይለወጣል

የበሰበሰ ብርቱካን የሚመስል ሽታ ከመጣ ትንሿ የቀፎ ጥንዚዛ ናት። ጥቁር ናት፣ ርዝመቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ቀፎውን ስትከፍቱ ከብርሃን ሸሽታ ወደ ጥግ ትሮጣለች። ማሩን የሚያበላሸው ትሏ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቃቅን እሾህ አለው። እሾህ ከሌለው፣ እንጀራውም በድር ከተጠላለፈ ግን የሰም ብል ነው፤ ያ ያረጀ እንጀራ በማውጣትና ባዶ ፍሬም ቀፎ ውስጥ ባለመተው ይፈታል።

ጥንዚዛዋ ለእኛ ባዕድ አይደለችም፣ የትውልድ አገሯ አፍሪካ ነው። ንቦቻችን ያውቋታል፤ ጥግ ላይ ያግቷታል፣ በፕሮፖሊስ (ንቦች ከዛፍ በሚሰበስቡት ሙጫ) አጥረው እንደ እስረኛ ይጠብቋታል። ከዚህ ስትወጣ ግን ሌላ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በ2002 አውስትራሊያ፣ በ2014 ደቡብ ጣሊያን ተገኘች፤ የማያውቋትን ንቦች ቀፎ አፈረሰች። የኛ ተራ ጥንዚዛ እዚያ መቅሰፍት ከሆነች፣ የሌላ አገር ተራ ነገር እኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

መፍትሄው፦ ደካማ ህብረ ንብን አጠናክሩ ወይም ከሌላ አዋህዱ። ቀፎውን ለንቡ ብዛት በሚመጥን ልክ አጥብቡት። ማር ቆርጣችሁ ሳትጨምቁ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩ። ትሉ አድጎ የሚለወጠው ከቀፎው ስር አፈር ውስጥ ገብቶ ነው፤ እርጥብና ልል አፈር ላይ ቀፎ አታቁሙ።

ደጃፉ ላይ እንደ ኖራ የደረቀ እጭ ይወድቃል

ነጭ ወይም ጥቁር፣ ደረቅ፣ ፍሬሙን ስትነቀንቁት እንደ ሽምብራ የሚንኳኳ ከሆነ ፈንገስ ነው። እርጥበት ያመጣዋል። ቀፎውን ወደ ፊት ትንሽ አዘንብሉት፣ ፀሐይና አየር ይግባው፣ ያረጀውን እንጀራ ቀይሩ።

የእጩ ክዳን ሰርጎድ ብሎ ተበስቷል፣ ይሸታል

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የክብሪት እንጨት ወደ ቀዳዳው አስገቡና በቀስታ ሳቡ። ቡናማ ሆኖ እንደ ሙጫ ክር ከተሳበ አሜሪካን ፋውልብሩድ የሚባለው የእጭ በሽታ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው የሚተወው ዘር እንጨትና ማር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት አይሞትም። ቀፎውን ዝጉ፣ ምንም ነገር አታዛውሩ፣ መሮውንና ጓንቱን እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ከተረጋገጠ ማቃጠል ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን ሌሎቹን ያተርፋል።

ቀጭን ተባይ እንጀራው ላይ ይሮጣል

ቫሮዋ ዝግ ያለች ናት። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥና ፈጣን ከሆነ ትሮፒሌላፕስ መሆኑን ጠርጥሩ። ይህም የእስያ ተባይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጆርጂያና ደቡብ ሩሲያ መድረሱ ታውቋል። ናሙናውን በፋርማሲ አልኮል ውስጥ በጠርሙስ አኑሩ፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጻፉበት፣ ለባለሙያው ስጡ። ወደ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል እንዲላክ ጠይቁ።

ታዲያ እንዴት ይገባል?

በእኛው እጅ ነው። በተገዛ ህብረ ንብ፣ ባገለገለ ቀፎ፣ ምንጩ በማይታወቅ ሰም፣ በውሰት በመጣ ማጨሻና መሮ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ያገለገለ የንብ ዕቃ ልላክልህ» ሲል ልብ ይሞቃል። ግን ያገለገለ ቀፎ፣ ሰምና ፍሬም አይላክ፤ ዘመዳችሁ በምትኩ አዲስ ልብስና ጓንት ይላክ። ንባችሁ ሲራብም የማታውቁትን ማር አታብሉት። የስኳር ውሃ፣ በሶና ሽሮ አለላችሁ።

አዲስ የገባ ህብረ ንብ ከነባሮቹ ርቆ ይቀመጥ። ንብ እስከ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበራል፣ ስለዚህ ከተቻለ ሌላ መንደር ያለ ዘመድ ጓሮ ይሁን። ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው፤ አንዲት ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ለመውጣት 21 ቀን ይፈጅባታል፣ ሁለት ዙር ታያላችሁ። በስድስቱ ሳምንት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የስኳሩን ፍተሻ አድርጉ። በዚያ ጊዜ ሁልጊዜ ነባሮቹን አስቀድማችሁ ሥሩ፣ አዲሱን በመጨረሻ።

አውስትራሊያ ወደቦቿ አጠገብ የጥበቃ ቀፎ አስቀምጣ በየጊዜው ትፈትሻለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ኒውካስል ወደብ ላይ ቫሮዋን ያገኘችው በእነዚያው ቀፎዎች ነው። ብዙ ቀፎ አጥፍታ ለማስቆም ታገለች፤ በመስከረም 2023 ግን ማጥፋቱ እንደማይቻል ተቀብላ ወደ መቆጣጠር ዞረች። እኛ ወደብ አጠገብ አይደለንም፤ መንገድ ዳር፣ ገበያ አቅራቢያ ያለ ቀፎ ግን አለን። በሰፈራችሁ አምስት አናቢዎች ብትሆኑ እንኳ፣ ለገበያው ቅርብ የሆነውን አንዱን ቀፎ ምረጡና በየወሩ እሱን ፈትሹ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፉ። የአንዳችሁ ቁጥር ከፍ ሲል ለአራቱ በዚያው ማታ ደውሉ።