የላፕቶፔ ካሜራ ቪዲዮ እንዴት እንደተስተካከለ

ለተማሪዎቼ አጫጭር የሒሳብ ቪዲዮዎች የምቀዳው በላፕቶፑ በራሱ ካሜራ ነው። ምስሉ ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስል ነበር። እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጣቶቼ ይደበዝዛሉ። ሌላ ካሜራ ልግዛ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩና ወዲያው ተውኩት።

ዋናው ችግር ብርሃን ነው። የላፕቶፕ ካሜራ ሌንሱም ሴንሰሩም (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) በጣም ትንንሽ ናቸው። ብርሃን ሲያንሰው እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚሠራበትን እያንዳንዱን ምስል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያነሳል፤ በሴኮንድ 30 የነበረው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ጠረጴዛዬን አዙሬ መስኮቱን ፊት ለፊቴ አደረግኩት። ከጀርባ ከሆነማ ፊት አይታይም። ሌንሱንም በመነጽር ጨርቅ ወለወልኩት፤ የጣት ቅባት ነበረበት።

ጥራቱ መጣ፤ መቆራረጡ ግን አልለቀቀም። ኦቢኤስ በሚባለው የቪዲዮ መቅጃ ፕሮግራም ውስጥ የካሜራውን ፕሮፐርቲስ ስከፍት የቪዲዮ ፎርማቱ ዋይዩዋይ2 ላይ ነው። ይሄ ያልታመቀ ምስል ነው። 1280 በ720 ሆኖ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲቀዳ በየሴኮንዱ 55 ሜጋባይት ያህል ይወጣዋል። ብዙ የላፕቶፕ ካሜራ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የተያያዘው በዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ያን ሁሉ አይችለውም። ስለዚህ ፍሬሙን ይቀንሳል። ምስሉን አምቆ ወደሚልከው ኤምጄፔግ ፎርማት ስቀይረው እንቅስቃሴው ወዲያው ለሰለሰ።

ማታ በአምፖል ስቀዳ ደግሞ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሮጡ ነበር። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ካሜራው ግን 60 ላይ ተቀምጧል። እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኮንፊገር ቪዲዮ የሚለውን ከፍቼ ፓወርላይን ፍሪኩዌንሲውን (የመብራቱን ኸርዝ) 50 አደረግኩት፤ መስመሮቹ ድራሻቸው ጠፋ።

ድምፁን ግን አሁንም በስልኬ ኢርፎን ነው የምቀዳው። የላፕቶፑ ማይክ የፋኑን ጩኸት ከኔ አስበልጦ ይሰማል።